ማሲንቆ ካልቀደመ ጥሩምባ አይነፋም

በእኛ ጊዜ ልጆቼ፣ ዘፈን እንዲህ እንደ ዛሬው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አይጮህም ነበር። ባለቤት ነበረው። ሲያልበው ታየዋለህ፣ ሲደክመው ታየዋለህ፣ ጠጁ የቀጠነበት እንደሆነ ደግሞ በግጥም አድርጎ ለባለ ጠጇ ይነግራታል፣ ያውም ሰው ሁሉ እየሰማ። እኔ ታዲያ ተነግሮኝ አያውቅም። የትርንጎ ጠጅ ቀጠነ የተባለበት ቀን የለም። ይህን ጻፊልኝ አስካለ፣ ይህን ሳትጽፊ ሌላውን እንዳትጽፊ። ጻፍሽ? እሰይ።

ይቺ አስካለ፣ የወንድሜ የልጅ ልጅ፣ ንፋስ መውጫ ታስተምራለች፣ አሁን ምን ብላ እንደጠየቀችኝ ሰምታችኋል። "እማማ፣ አዲስ አበባ ድሮ ጃዝ የሚባል ሙዚቃ የሚጫወቱባቸው ቤቶች ነበሩ አሉ፣ እዚህ እኛ ጋ እንዲህ ያለ ነገር ነበር ወይ?" ትለኛለች። ነበር ወይ! ኧረ ተይኝ አንቺ ልጅ! ጃንሆይ ዙፋን ላይ ሳሉ፣ አርብ ገበያ፣ በእኔ በትርንጎ ቤት ጃዝ ነበር። ያውም የእኛው በዳኛ የተፈረደ ነው። የአዲስ አበባው ተፈርዶለታል? አልተፈረደለትም!

ቆይ ከስሩ ልንገራችሁ። እኔ ባሌን የፈታሁት በልጅነቴ ነው፣ ምክንያቱን ተዉት፣ ሰውየው ሞቷል፣ ነፍሱን ይማር። ታዲያ ከእናቴ ቤት ተመልሼ ጥግ ይዤ መቀመጥ አላማረኝም፣ እና አርብ ገበያ ወጣሁና ከገበያው ዳር፣ ከትልቁ ወይራ አጠገብ አንዲት ጎጆ ቀለስኩ። መሬት የለኝ፣ ባል የለኝ፣ ያለኝ እጄ ነው። ማር ከታች ከቆላው ይመጣልኛል፣ ጌሾውን ራሴ መርጬ እገዛለሁ፣ ጋኑን ራሴ አጥናለሁ። ዓመት ሳይሞላ "የትርንጎ ቤት" ተባለ። ሰው ሲቀጣጠር እንኳ "ከትርንጎ ቤት እንገናኝ" ነው የሚለው እንጂ "ከወይራው ሥር" የሚል ቀረ። ወይራው ስንት ዘመን የቆመ ነው፣ እኔ ትናንት መጥቼ ስሙን ወሰድኩበት!

ገበያው አርብ ነው። አርብ ደግሞ ጾም ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቀምስ የለም፣ እኔም አልቀዳም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ነው ሰው አህያውን አስሮ፣ ዱላውን ከደጅ አስደግፎ የሚገባው። እንግዲህ መንገደኛ ነው፣ ስማዳ የሚሄድ አለ፣ እስቴ የሚሻገር አለ፣ ከጀምበር ጋር መሄድ አለበት። ስለዚህ የእኛ ጨዋታ ከዘጠኝ ሰዓት እስከ ጀምበር መጥለቂያ ነው። አጭር ናት፣ ግን እሳት ናት።

ጨዋታውን የሚመራው አያ ውበቱ ነበር። አያ ውበቱ የእስቴ ሰው ነው፣ አዝማሪ ነው፣ የአዝማሪ ልጅ ነው፣ አያቱም አዝማሪ። ፊት ለፊት አንድ ጥርስ የለውም፣ በዚያች ሽንቁር ነው ሲስቅ የምታውቀው፣ እሱ ግን የሚስቀው በዓመት አንዴ ነው። ማሲንቆውን እንደ ጡት ልጅ በጋቢ ጠቅልሎ አቅፎ ይመጣል። ከዚያ ይቀመጥና ጭራውን ይቃኛል፣ ይቃኛል፣ ይቃኛል፣ ሰዉ እስኪቁነጠነጥ ይቃኛል። ከዚያ አንዱ ጠጪ ከጥግ "ተቀበል!" ይለዋል። እናንተ ይህን አታውቁም መቼም። ጠጪው የልቡን በግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪው ይቀበልና በዜማ መልሶ ያወጣዋል። ሰጪው የሚሰጠውን ተቀባዩ አስቀድሞ አያውቀውም። ተቀባዩ የሚያወጣውንም ሰጪው አያውቅም። አያ ውበቱ ታዲያ ጠማማ ግጥም ቢሰጡት አቃንቶ ነው የሚያወጣው፣ ስድብ ቢሰጡት ምርቃት አድርጎ ያወጣዋል። እንደሱ የሚቀበል በጋይንትም በእስቴም አልነበረም፣ በእመቤቴ!

እንዲህ ስንኖር ደምሴ መጣ። ደምሴ የስማዳ ልጅ ነው። በልጅነቱ አዲስ አበባ ገብቶ ከወታደር ሙዚቀኞች ጋር ሲነፋ የኖረ ነው። አባቱ ሞተና ተዝካር ሊያወጣ መጣ፣ ከዚያ ርስቱን ማን ይረሰው ተባለና ቀረ። ጥቁር ሣጥን ይዞ ነበር። እኔ ቤት የገባ ለት ከፈተው። ወርቅ የመሰለ ነገር አወጣ፣ የተጠማዘዘ፣ አፉ የሰፋ።

"ጥሩምባ ነው?" አልኩት።

"ትራምፔት ነው እትዬ ትርንጎ።"

"ጥሩምባ ነዋ!"

"እሺ፣ ጥሩምባ ነው" አለኝ። ጨዋ ልጅ ነበር።

እና ያወራልኛል። "እትዬ ትርንጎ፣ አዲስ አበባ ፒያሳ አካባቢ አንድ ቤት አለ፣ የየባንዱ ተጫዋች የቀን ሥራውን ሲጨርስ መሣሪያውን ይዞ እዚያ ይመጣል፣ አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ያነሳለታል፣ ማን ማንን እንደሚከተል አይታወቅም፣ አንዳንዱ ከውጭ አገር የመጣ ነው፣ ቋንቋ እንኳ አይግባቡም፣ በመሣሪያ ግን ይግባባሉ። ጃዝ ይባላል" ይለኛል። አይኑ እንባ ያቀርራል ሲያወራ፣ ናፍቆታል መሰለኝ።

እኔ ታዲያ ምን ብለው ጥሩ ነው? "አንተ ልጅ፣ ይህማ አያ ውበቱ በየአርቡ የሚያደርገው ነው! ተቀበል ነው እኮ!" አልኩት።

ሳቀ። "እንግዲያው አብረን እንጫወት በሉልኝ" አለ።

አያ ውበቱን ጠየቅሁት። እንዲህ ቀና ብሎ ጥሩምባውን አየውና ምን አለ መሰላችሁ? "ይህ አፉን ደፍኖ የሚዘፍን ነው። አፉ ከተደፈነ ቃሉ በየት በኩል ይወጣል? ቃል የሌለው ነገር ዘፈን አይደለም" አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ደምሴ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ወዲያ ደምሴ አርብ አርብ ይመጣል፣ አንድ ብርሌ ይዞ ጥግ ይቀመጣል፣ ሣጥኑን አይከፍትም። አያ ውበቱ ደግሞ ባየው ቁጥር "አፉን ደፍኖ የሚዘፍነው መጣ" ይላል። ገበያው ሁሉ ያንን ቃል ተቀበለና ልጁን "አፈ ድፍኑ" አሉት። አንጀቴን በላኝ።

አንድ አርብ ታዲያ፣ ጾም ሊፈታ ሲል፣ አያ ውበቱም ገና ሳይመጣ፣ ቤቴ ባዶ ሆነ። ከገበያው ማዶ አንዲት ሴት አዲስ ጠጅ ቤት ከፍታ ነበር። ስሟን አልጠራም፣ ነፍሷን ይማር፣ ጠጇ ግን ውሃ ነበር። ሰው አዲስ ነገር ይወዳል፣ እዚያ ሄደ። እኔ ደሜ ፈላ። ደምሴን "ተነስ!" አልኩት። "ውጣና ከደጄ ቆመህ ንፋው፣ ሰው ይስማ!" እሱ ደስ አለው፣ ስንት ጊዜ አልነፋም እኮ፣ ሣጥኑን ከፍቶ እየተጣደፈ ወጣ።

አሁን ልብ በሉልኝ። ያን ጊዜ በገበያ መሐል መለከት ሲነፋ ትርጉሙ የታወቀ ነው። ወይ ትልቅ ሹም እየገባ ነው፣ ወይ አዋጅ ሊነገር ነው። ነጋሪት ይጎሰማል፣ "ስማ፣ ስማ፣ ተሰማማ!" ይባላል፣ ሰው የያዘውን ጥሎ ይመጣል። የሚነገረው የት ነው? ከወይራው ሥር። ወይራው የት ነው? ከእኔ ደጅ!

ደምሴ ነፋ። ወይ ድምፅ! ከዚያ ገበያው ዝም አለ። በሬው ሳይቀር ዝም ያለ ነው የመሰለኝ። ከዚያ ሰዉ መጣ። እህል ሰፋሪው ቁናውን እንደያዘ መጣ፣ ጤፉ ግማሹ እየፈሰሰ። በርበሬ ሻጯ መጣች። ሴቶቹ ሹም መጣ ብለው እልል ይላሉ። አንዱ ደግሞ "ግብር ነው! ግብር ሊጨመር ነው!" ብሎ አህያውን እየነዳ ገደል ለገደል ሸሸ። ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አውልቀው ከወይራው ሥር በሥርዓት ተቀመጡ፣ አዋጅ ሊሰሙ። ደምሴ አንድ ጊዜ አይኑን ገለጥ ቢያደርግ ሕዝብ! ታዲያ እሱ ምን ያውቃል? ሰው ወደደኝ ብሎ አይኑን ጨፍኖ አብልጦ ነፋው!

ይህ ሁሉ ምንም አይደለም። ቀጥሎ የመጡት ግራዝማች ናቸው። ግራዝማች የወረዳው ምስለኔ ነበሩ። ቁጡ፣ ኩሩ፣ ጺማቸው እዚህ የሚደርስ። ድምፁን ከቤታቸው ሆነው ሰሙና "ከደብረ ታቦር ደጃዝማች ሳይነግሩኝ ገቡ፣ ውርደቴ ነው!" ብለው ካባቸውን ገልብጠው ደርበው በቅሏቸውን እያስሮጡ መጡ። ሕዝቡ መንገድ ለቀቀላቸው። ከበቅሎ ዱብ አሉ፣ ሸማቸውን ወገባቸው ላይ አደገደጉ፣ ለበላይ ሹም እንደሚደረገው፣ እና ለጥ ብለው እጅ ነሡ። ከዚያ ቀና አሉ። ደጃዝማች የሉም። ደምሴ ነው ያለው፣ ጉንጩን ነፍቶ። ከደምሴ ኋላ የእኔ በር ነው። በሩ ላይ እኔ ነኝ፣ ብርሌ ይዤ።

አደግድገው ለጠጅ ቤት እጅ ነሥተዋል!

ሰው ሁሉ ወደ መሬት አየ። እኔ ግን ልጆቼ፣ ሳቄ አመለጠኝ። ምን ላድርግ፣ ሳቅ እኮ እንደ ማስነጠስ ነው፣ አይያዝም።

ግራዝማች ፊታቸው ተለዋወጠ። "ማን አዘዘህ?" አሉት ደምሴን። "የመንግሥት መለከት ያለ ሹም ትእዛዝ ማን ንፋ አለህ?"

"ጌታዬ፣ ዘፈን ነው" አለ፣ ድምፁ ቀጥኖ።

"ዘፈን? እስቲ ምን አለ? ምን እንዳለ ንገረኛ!"

ደምሴ ምን ይበል? ጥሩምባው ቃል የለው። ጥሩምባውን ተከትለዋቸው የደረሱት ነጭ ለባሾች ቀሙት። የእኔን በር በእሾህ አጠሩት፣ ጋን ሙሉ ጠጅ ከውስጥ እያለ። "ነገሩ ለሳምንት በዳኛ ይታያል፣ ከተፈረደበት ወደ ደብረ ታቦር ታስሮ ይሄዳል፣ ይህም ቤት ይፈርሳል" ብለው ሄዱ። እኔ ከራሴ ደጅ ውጭ ቀረሁ። ያን ጊዜ አልሳቅሁም።

ያቺን ሳምንት ጎረቤት ቤት አደርኩ። ሁሉም ይመክረኛል። "ሂጂና እግራቸው ላይ ውደቂ፣ ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ" ይሉኛል። እኔ ደግሞ "ዳኛ ሲገኝ ተናገር፣ ውሃ ሲጎድል ተሻገር የሚባልም አለ" እላቸዋለሁ። በአፌ ነው እንጂ ሆዴስ ፈርቷል። ያ ቤት ከፈረሰ የእናቴ ቤት ጥግ ነው የሚጠብቀኝ። አያ ውበቱ ደግሞ ድምፁ ጠፋ። "እሰይ ብሎ ይሆናል" አልኩ በልቤ፣ "አፈ ድፍኑ ተያዘለት።"

አርብ ሆነ። ከወይራው ሥር ዳኛው ተቀመጡ። ግራዝማች በራሳቸው ነገር መዳኘት አይችሉም፣ ከሳሽ ናቸው፣ ቆመዋል። ከዳኛው አጠገብ ሽማግሌዎች አሉ፣ ከነሱ መሐል ከዚሁ ከጋይንቱ ቤተ ልሔም ደብር የመጡ አንድ መሪጌታ ነበሩ፣ ለገበያ መጥተው ለሽምግልና ነው የተያዙት። ሕዝቡ ከዚያን ለቱ ይበልጣል፣ ያለ ጥሩምባ!

የግራዝማች ነገረ ፈጅ ተነሣ። ምላሱ ምላጭ ነው። ሸማውን ወደ ትከሻው ጣለ፣ ዱላውን መሬት ተከለ፣ እንዲህ እየተወረወረ፦

"ተጠየቅ! ወፍ በጉሮሮዋ፣ አዝማሪ በግጥሙ፣ መለከት በሹሙ! ያለ ሹም የነፋ፣ አዋጅ አጠፋ!"

ሰዉ "በለው!" አለ። ነገረ ፈጁ ቀጠለ። "ዘፈን ነው ብሏል። ዘፈን ቃል አለው። ይህ ነገር ቃል የለውም። ይህንንም የምለው እኔ አይደለሁም። የጨዋታው ጌታ፣ አዝማሪ ውበቱ፣ በዚህችው ሴት ቤት ተቀምጦ ዘፈን አይደለም ብሏል። ምስክሬ እሱ ነው፣ ይጠራልኝ!"

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ገበያው ሁሉ የሰማው ነገር ነው፣ ማን ይክደዋል?

አያ ውበቱ መጣ፣ ማሲንቆውን በጋቢ አቅፎ። ማለ። "እውነቱን ባልናገር ይህ እጄ ይድረቅ" አለ።

"ዘፈን አይደለም ብለሃል ወይስ አላልክም?" አሉት ዳኛው።

"ብያለሁ።"

ሕዝቡ አጉረመረመ። ደምሴ አይኑን ጨፈነ። እኔ በሬን ተመለከትኩ፣ እሾሁን።

"ብያለሁ ጌታዬ፣ አልክድም" አለ አያ ውበቱ። "ግን አንድ ነገር ይፈቀድልኝ።"

"ተናገር።"

"እኔ ይህን ልጅ ሰማሁት እንጂ አልተቀበልኩትም። የእኔ ሥራ መቀበል ነው፣ የአባቴም ሥራ ይኸው ነበር። አንድም ቀን ና ሳልለው፣ አንድም ቀን ሳልቀበለው ነው በአፌ የፈረድኩበት። አሁን ግን ምያለሁ። በጨዋታ የተናገርኩትንማ በመሐላ እንዴት እደግመዋለሁ? ጥሩምባው ይምጣለት፣ እዚሁ ፊታችሁ ልቀበለው፣ ያገኘሁትን እመሰክራለሁ።"

ዳኛው ወደ ግራዝማች አዩ። ግራዝማች "ይምጣ! ይንፋው! ራሱን በራሱ ያጋልጥ!" አሉ።

መጣለት። አያ ውበቱ መሬት ተቀመጠ፣ ጭራውን ይቃኛል፣ ይቃኛል፣ ይቃኛል፣ ዳኛ ተቀምጦ እየጠበቀው! ከዚያ በአንቺ ሆዬ ቅኝት አንዲት ነገር ጣል አደረገ። አጭር ናት። እና ዝም ብሎ ጠበቀ።

ደምሴ ምን አደረገ? ባርኔጣውን አወለቀና የጥሩምባውን አፍ ከደነበት። ድምፁ ወረደ፣ ለሰለሰ፣ የሰው ድምፅ መሰለ፣ ያንኑ አያ ውበቱ የጣለውን መልሶ አመጣው። አያ ውበቱ ሌላ ጣለ፣ ረዘም ያለ። ጥሩምባው አነሣው። ሦስተኛውን ጣለ፣ ይህ ደግሞ ክፉ ነው፣ መሐሉ ላይ ይሰበራል፣ አዋቂ ካልሆነ አይከተለውም። ደምሴ ተከተለው፣ ተከተለው፣ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ግን ጫፉን ለወጠበት! የራሱን ጨመረበት! አያ ውበቱ ቀና አለ። አየው። እና ሳቀ። ያቺን የጥርሱን ሽንቁር ያየሁ ጊዜ ቤቴ እንደዳነ አወቅሁ።

ከዚያማ ምኑን ልንገራችሁ። ከዚያ ደምሴ መስጠት ጀመረ፣ አያ ውበቱ ተቀባይ ሆነ። አንዱ ሲወጣ አንዱ ይወርዳል፣ አንዱ ሲቸኩል አንዱ ይጎትተዋል፣ ሽማግሌው ሁሉ ትከሻው እየከዳው፣ ነገረ ፈጁ ራሱ ዱላውን እያርገበገበ! ሲጨርሱ መሪጌታው ጉሮሯቸውን ጠረጉና "ቃል የለውም ተብሏል። እኛም ዘንድ ቃሉ አንዲት ሆና ዜማው ረጅም መንገድ የሚሄድበት አለ። ቃል ማነስ ዜማን አያስከስስም" አሉ።

አያ ውበቱ ግን አልጨረሰም ነበር። ወደ ግራዝማች ዞረ። እኔ "ወይኔ፣ አሁን ሊያበላሸው ነው" አልኩ። ማሲንቆውን ቀስ አድርጎ ገዘገዘና፦

"ንገሩልኝ ለጌታዬ፣ ቅር እንዳይላቸው፣
ማደግደግ በሚያውቁ ነው፣ ሹመት የሚያምርባቸው።"

ኧረ ሰው! ሁሉም የግራዝማችን ጺም ነው የሚያየው። ጺሙ ተንቀሳቀሰ። አንዴ ተንቀሳቀሰ፣ ደግሞ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ "ድገመው" አሉ፣ በወፍራም ድምፃቸው። "ድገመው እስቲ!" ደገመው። ግራዝማች ሳቁ! ያ ሰው ሲስቅ ታይቶ አይታወቅም፣ ከሳቁ አይቀር ደግሞ ወይራውን አነቃነቁት።

ዳኛው ፈረዱ። "ዘፈን ነው። ነገር ግን ሕዝብ ዳግመኛ እንዳይሳሳት፣ ማሲንቆ ካልቀደመ ጥሩምባ አይነፋም። ማሲንቆ ሲቀድም ሰው ጨዋታ መሆኑን ያውቃል። ይህን ለማክበርህ ዋስ ጥራ" አሉት ደምሴን።

ደምሴ ዞር ዞር አለ። ዘመዶቹ ስማዳ ናቸው። እኔ ቤቴ በእሾህ ታጥሯል፣ ተከሳሽ ነኝ፣ አልሆንም። ያን ጊዜ አያ ውበቱ "እኔ ዋስ ነኝ" አለ።

ነገረ ፈጁ ዘሎ ተነሣ። "አዝማሪ ዋስ ይሆናል? ርስት የለው፣ በሬ የለው! በዚህ ገበያ አዝማሪ ዋስ ሆኖ ያውቃል?"

እውነቱን ነው፣ ሆኖ አያውቅም። አዝማሪን ሰው ይወደዋል፣ ያጠጣዋል፣ ነገር ሲመጣ ግን ከሰው አይቆጥረውም ነበር። አያ ውበቱ ማሲንቆውን አቅፎ ቆመ። ዳኛው ወደ ግራዝማች ዞሩ። ዋስ የሚጸድቀው ባላጋራ ሲቀበለው ነው። "ይህን ዋስ ይቀበሉታል?" አሏቸው።

ግራዝማች አያ ውበቱን ከእግር እስከ ራሱ አዩትና "ተቀብያለሁ" አሉ። ከበቅሏቸው ላይ ሆነው ደግሞ "እሾሁን አንሱላት፣ ጾም ሊፈታ ነው" ብለው ሄዱ። እልል አልኩ! ብቻዬን ጀመርኩት፣ ገበያው ጨረሰልኝ።

እንግዲህ አስካለ፣ ጃዝ ማለት ይህ ከሆነ፣ ከዚያ አርብ ጀምሮ የትርንጎ ቤት የጃዝ ቤት ነው። አያ ውበቱ ይጀምራል፣ ደምሴ ይከተላል። ወሬው ሲሰማ ከስማዳ ዋሽንት የሚነፋ ገበሬ መጣ፣ ሞፈር ተሸክሞ ገበያ የመጣ፣ ሞፈሩን ከደጅ አስደግፎ ገብቶ ነፋ። ክራር የያዘ መጣ። ከንፋስ መውጫ እንኳ ለትርንጎ ቤት ብሎ በእግሩ የሚመጣ ነበር። ያቺ የማዶዋ ጠጅ ቤት ተዘጋች፣ አላዝንላትም፣ ማሩን ትጨምር ነበር! ግራዝማችም ይመጣሉ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከጥጉ ይቀመጣሉ፣ እና ደምሴ ቸኩሎ ከማሲንቆው በፊት ትንሽ እፍ ያለ እንደሆነ "ፍርድ! ፍርድ አለብህ!" ብለው ይጮኻሉ፣ ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። ደምሴ አዲስ አበባን ተወው። "እትዬ ትርንጎ፣ የፒያሳው ቤት አልናፍቅ አለኝ" አለኝ አንድ ቀን። ያን ቃል እንደ ሽልማት ነው የያዝኩት።

ዓመታት አለፉ። አንድ ኅዳር አያ ውበቱ ታመመና ሞተ። ቀበርነውና ለቅሶውን ከወይራው ሥር አደረግነው፣ ሌላ የት ይሁን? ሙሾ አውራጅ አለ፣ ሰው ግን ጥቂት ነው፣ አዝማሪ ነዋ፣ ዘመዱም እስቴ ነው። ደምሴ ጥሩምባውን ደረቱ ላይ ይዞ ቆሟል፣ አይነፋም።

"ንፋ እንጂ ደምሴ፣ ሰው ይስማ" አልኩት።

"እትዬ ትርንጎ፣ ፍርድ አለብኝ" አለ፣ እንባው እየወረደ። "ማሲንቆ ካልቀደመ አልነፋም። ዋሴ ዛሬ ሞተ ብዬ ቃሌን ላፍርስበት?"

ማሲንቆው እዚያው አለ፣ ከጋቢው ጋር፣ ባለቤት አጥቶ። በዚያ ለቅሶ የሚመታው ሰው አልነበረም። ታዲያ እኔ ምን አደረግሁ? እኔ ትርንጎ፣ በሕይወቴ ማሲንቆ ይዤ የማላውቅ ሴት፣ ሄድኩና ከጋቢው አወጣሁት። ደጋኑን ያዝኩ። ሴት ማሲንቆ ስትመታ ማን አይቷል? ይዩኝ አልኩ! አንዴ ጎተትኩት። ጥዝዝዝ አለ። እንደ ዝንብ ነው የጮኸው፣ አስቀያሚ ነበር፣ አያ ውበቱ ቢሰማ ከመቃብር ተነሥቶ ይቀማኝ ነበር። ግን ማሲንቆ ነው። ቀድሟል።

ደምሴ ነፋ። እንደዚያች እንደ መጀመሪያዋ አርብ ነፋ፣ ያለ ባርኔጣ፣ በሙሉ ድምፁ። እና ሰው መጣ። ከየቤቱ መጣ፣ ከየማሳው መጣ፣ አጫጁ ማጭዱን እንደያዘ መጣ። ሜዳው ሞላ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል ግራዝማች መጡ። ተሽረዋል፣ በቅሎ የለም፣ በምርኩዝ ነው። ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው። ምርኩዛቸውን ለአንድ ሰው ሰጡና ሸማቸውን ወገባቸው ላይ አደገደጉ። ቀስ ብለው። ከዚያ በማሲንቆው ፊት ለጥ ብለው እጅ ነሡ።

ቀና ሲሉ እኔን አዩኝ። "አሁንስ ለማን እንዳደገደግሁ አውቄያለሁ፣ ትስቂ እንደሆነ ሳቂ" አሉኝ።

አልሳቅሁም። አለቀስኩ። እንዲያ ያለ ክብር ለአዝማሪ በአገራችን ተደርጎ አያውቅም፣ የተደረገው ከእኔ ደጅ ነው፣ እና እኮራለሁ። እስከ ዛሬ እኮራለሁ።

አስካለ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "እማማ" አለች፣ "እንግዲያው እርስዎም ጃዝ ተጫውተዋል ማለት ነዋ!"

እንዴታ! አንዴ ብቻ፣ ጥዝዝዝ ብዬ! ምን ያስቅሻል? አንሺ እስክሪብቶሽን፣ ይህን ጻፊው! ይህን ሳትጽፊ ሌላውን እንዳትጽፊ!